ዳኞቹ ያልሰሙት ማሲንቆ

ደብረ ታቦር ለትምህርት የገባሁት ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ነው። ወላጆቼ ጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው። የቀበሌያችን ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም ነበርና አባቴ ከተማ ከምትኖረው አክስቴ ዘንድ አምጥቶ አስቀመጠኝ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በየትምህርት ቤቱ የኪነት ክበብ የሚቋቋምበት፣ በየበዓሉ መድረክ የሚሠራበት ጊዜ ነበር።

ድምፄ ጥሩ ነው ይሉኝ ነበር። በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የማስጀምረው እኔ ነበርኩ። አክስቴም ጎረቤቶቿ ሲመጡ፣ ጓሮ ዕቃ እያጠብኩ ሳንጎራጉር እንዲሰሙኝ ብላ በሩን ገርበብ ታደርገው ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የክበቡ ኃላፊ የነበሩት መምህር ለወላጆች ቀን አንድ ዘፈን ብቻዬን እንድዘፍን መረጡኝ። ማሲንቆ የሚመታልኝ ሰውም ፈልገው አመጡ።

ሰውየው በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል። አባቱም አያቱም አዝማሪዎች ነበሩ። እሱ አዘቦት ጋፋት አካባቢ የአጎቱን መሬት ያርሳል፤ ሠርግና ክርስትና ሲኖር ማሲንቆውን ይዞ ይሄዳል። ቀጭንና ዝምተኛ ነው። ሲጫወት ዓይኑን ከዘፋኙ አፍ ላይ አያነሳም። ይሄ ነገሩ መጀመሪያ አልጣመኝም። አፌ ላይ ምን ያፈጣል ብዬ ለመምህሩ ስነግራቸው ሳቁ። ትንፋሽ የምትወስጂበትን ቦታ እየጠበቀ ነው፣ አሉኝ።

የወላጆች ቀን ዘፈንኩ። ሰዉ ድገሚ ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰኝ። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት ያለ እሱ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

አባቴ ከአዝማሪ ጋር እንደምዘፍን የሰማው ገበያ ላይ ነው። በማግስቱ በበቅሎ ወርዶ አክስቴ ቤት መጣ። ልብሴን ጠቅልዬ እንድከተለው ነገረኝ። ነገሩ እንዴት እንደደረሰው እንጃ፣ ማሲንቆ መቺው ዕርሻውን ትቶ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። አባቴ ግባ አላለውም። እሱም ሳይገባ ባርኔጣውን አውልቆ ተናገረ።

«አባቴ፣ እኔን ባያምኑኝ ልጅዎን ይመኑ። ከእኔ ጋር እስካለች ድረስ ሰው ፊት አታፍርም። እህቴ ናት።»

አባቴ ከእግር እስከ ራሱ አየው። በመጨረሻ ግባ ብሎ ጠላ አስቀዳለት። የዚያን ዓመት ጥምቀት ሲደርስ ከደብረ ታቦር እስከ እኛ ቤት በእግሩ ተጉዞ መጥቶ ከእኛ ጋር ዋለ። እናቴ ራሷ ከፈተለችው የበግ ጠጉር የተሠራ ባና ሰጠችው። ቆላ ቀመስ እብናት ለሠርግ ስትወርድ ሳይሆን ወደኛ ብርድ ስትወጣ ልበሰው አለችው። ከዚያ ወዲህ እሱ እኔን እህት ዓለም ይለኛል፣ እኔም እሱን ወንድም ዓለም እለዋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ አክስቴ ጓሮ እንለማመድ ነበር። መጀመሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ጊዜ ያዘፍነኛል፤ ከዚያ ክሩን እንደኔ ጉሮሮ ይቃኘዋል። የጉንፋን ሰሞን ከሆነ አውርዶ ይቃኘዋል፣ ደህና ከሆንኩ ትንሽ ያነሳዋል። እኔ አንድ ስንኝ ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ እሱ የጨረስኩበትን ድምፅ ተቀብሎ ያስረዝመዋል። የሚሰማው ሰው የእኔ ድምፅ የት ላይ እንዳበቃ፣ የማሲንቆው የት ላይ እንደጀመረ አይለየውም። እኔም አልለየውም ነበር። ትንፋሿ አያልቅም ይሉኝ ነበር፤ እኔም እውነት መሰለኝ። መንገድ ላይ ሰው አቁሞ ሲያደንቀኝ እሱ አጠገቤ ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ ይቆማል። አመሰግናለሁ እላለሁ፣ እንሄዳለን።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀረ። ያን ዓመት ዞኑ የየወረዳውን ዘፋኞች ሊያወዳድር ነው ተባለ። በነጠላ ድምፅ አንደኛ የወጣ ወይም የወጣች አንድ ሰው ባሕር ዳር ሄዶ በኪነት ቡድን ይቀጠራል። አክስቴ ለማርያም ስለት ተስያለሁ አለች። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ዘፈን ብቻ ተለማመድን። የመጨረሻው ስንኝ ከፍ ብሎ ይጀምርና ረጅም መንገድ ሄዶ ይወርዳል። በልምምድ አንድም ቀን አሰናክሎኝ አያውቅም።

የውድድሩ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ነበር የሚያየው። አባቴ ከጉና መጥቶ ከአክስቴ ጋር ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ዳኞቹ አምስት ነበሩ። ከሁሉም የሚከበሩት ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ በቀድሞው ሠራዊት የማርሽ ባንድ ውስጥ ጥሩምባ ይነፉ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከመጀመራችን በፊት ተነሥተው ደንቡን ነገሩን። ነጥብ የሚሰጠው ለድምፅ ብቻ ነው፤ አጃቢው አይዳኝም፤ ማንም በማንም ቢታጀብ ለውጥ የለውም። አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች አዳራሹ ባቀረበው ኦርጋን ነበር የሚዘፍኑት። የራሱን አጃቢ ይዞ መምጣት ግን ይፈቀዳል።

ከእኔ በኋላ የምትቀርበው አንዲት የእብናት ልጅ ነበረች። መጋረጃው ጀርባ አብረን ቆመን ተራችንን ስንጠብቅ ፈራሁ ብትለኝ እጇን ያዝኩላት። አይዞሽ አልኳት።

ተጠርቼ ወጣሁ። እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ጠዋት አክስቴ ቤት ቃኝቶ ጨርሶ ነበር። አሁን መቃኛውን ያዘና ክሩን አጠበቀው። እጁን አየሁት። ብርዱ አላልቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

መግቢያውን ተጫወተ፣ ገባሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደምንም ያዝኩት። ሁለተኛው ላይ ጉሮሮዬ ከለመደው በላይ እየተንጠራራ እንደሆነ ተሰማኝ። ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። ትንፋሽ ልወስድ ስል ማሲንቆው አብሮኝ ቆመ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጸጥታ በዘፈኔ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ተደናግጬ ትንፋሼን ሳልሞላ ቀጠልኩ። በሚቀጥለውም ቦታ እንደዚያው ቆመ። ዞር ብዬ አየሁት። ዓይኑ አፌ ላይ አልነበረም። ወለሉን ነበር የሚያየው። በዚያ ላይ ከለመድነው ትንሽ አፍጥኖታል፤ ሌላ ሰው የማይለየው ያህል ትንሽ። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ከፍ ብዬ ስነሳ ድምፄ ተሰነጠቀ። ሳላስረዝመው ዘጋሁት።

ሰዉ ለይሉኝታ አጨበጨበ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና ወረድኩ። ከኋላዬ የሚከተለኝ መስሎኝ ነበር። ደረጃውን ጨርሼ ስዞር እሱ አሁንም በርጩማው ላይ ነው።

የእብናቷ ልጅ ወጣች። ወደ ኦርጋኑ አልሄደችም፤ አጠገቡ ሄዳ ቆመች። መቃኛውን ያዘና ክሩን አላላው።

ከዚያ የሰማሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የእኔ የቀድሞ አዘፋፈን ነበር የሚመስለው። ስንኙን ስትጨርስ ይቀበላታል፣ ያስረዝምላታል፣ በእጁ እንደደገፋት ሰው አድርሶ ለሚቀጥለው ስንኝ ያስረክባታል። አንድ ቦታ ላይ ድምፅዋ ሊወርድ ሲል እሱ ቀድሞ ወርዶ ጠበቃት፤ እንደዚያ እንዲሆን የታሰበ መሰለ። ዓይኑ አፏ ላይ ነበር። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበላት።

ዳኞቹ ከተማከሩ በኋላ ሽማግሌው ለእያንዳንዳችን አስተያየት ሰጡ። እኔ ጋ ሲደርሱ በርኅራኄ ነበር የተናገሩት። ድምፅሽ ደህና ነው፣ ግን ትንፋሽ ያጥርሻል፣ ከፍ ስትይ ይሰበራል፣ ገና ሥልጠና ያስፈልግሻል አሉኝ። ለእሷ ደግሞ የበሰለ ድምፅ ነው፣ ትንፋሽ የት እንደምትወስድ እንኳ ለማወቅ አልቻልንም አሉ። አንደኛ እሷ ወጣች።

አባቴ በር ላይ ጠበቀኝ። ጉንፋን ይዞሽ ነበር እንዴ፣ ብሎ ጠየቀኝ። እሱም ማሲንቆውን አልሰማውም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም የሰማ አልነበረም። ይህን ሳውቅ ማስረዳቱን ተውኩት። የተሸነፈች ሰው ሰበብ እንደምትፈልግ ነው የሚቆጥሩት።

ማሲንቆ መቺውን አዳራሹ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር አገኘሁት። ማሲንቆውን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር።

«ክሩን ለምን አጠበቅኸው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። ጨርቁን አሥሮ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።

«አንቺ ብታሸንፊ ብቻሽን ነው የምትሄጂው» አለኝ። «እዚያ የራሳቸው ተጫዋች አላቸው። እሷ ካለፈች እኔንም አብረው እንደሚወስዱኝ አጎቷ ቃል ገብቶልኛል፤ ባሕር ዳር ሰው አለው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እህት ዓለም። የሰው መሬት እያረስኩ ልሙት?»

እህት ዓለም ማለቱ ከሁሉም በላይ አቃጠለኝ። እንዲያ ብለህ አትጥራኝ አልኩት። መቼ ነው የወሰንከው ብዬ ስጠይቀው ወር አልፎኛል አለ። ያን ወር ሙሉ አክስቴ ጓሮ እየመጣ አለማምዶኛል። አክስቴ ያቀረበችለትን በልቷል። ለአባቴ የሰጠውን ቃል አነሳሁበት፣ እናቴን አነሳሁበት። ከእኔ ጋር መጫወት ባትፈልግ እንኳ አልጫወትም ማለት ትችል ነበር፣ በኦርጋን እዘፍን ነበር አልኩት። ይሄኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ።

«አራት ዓመት ሰው ድምፅሽን ሲያሞግስ አጠገብሽ ቆሜያለሁ» አለኝ። «አንድ ቀን እሱም አለበት ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ብዬ አላውቅም። እውነቱን ነበር። ግን እውነት መሆኑ እሱ ያደረገውን ትክክል አያደርገውም፤ ያኔም ዛሬም የማምነው ይህንን ነው። ቅር ካለው ሊነግረኝ ይችል ነበር። እሱ የመረጠው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አባቴ ፊት፣ እኔ ሳላውቅ እንድወድቅ ማድረግ ነው።

ውድድሩን አንድ ሙዚቃ ቤት በቴፕ ቀድቶት ነበር። በሳምንቱ ካሴቱን አግኝቼ አክስቴ ቤት ደጋግሜ ሰማሁት። ሁሉም አለ፤ የጠበቀው ክር፣ ጸጥታዎቹ፣ ጥድፊያው። ለእሷ የተደረገላትም አለ። ካሴቱን ይዤ ሽማግሌው ዳኛ ቤት ሄድኩ። ከገበያው ዝቅ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ሰዓትና ራዲዮ ይጠግኑ ነበር።

ነገሩን ሁሉ ተረኩላቸው። አላቋረጡኝም። ካሴቱን ጠረጴዛቸው ላይ ባለ ቴፕ ውስጥ ከትተው የእኔን ሰሙ፣ የእሷን ሰሙ፣ ወደ ኋላ መልሰው እንደገና የእኔን ሰሙ። በሦስተኛው አጠፉትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ብዙ ዓመት ጥሩምባ የነፋሁ ሰው ነኝ» አሉኝ። «ማሲንቆው ሲቆም መስማት ነበረብኝ። አልሰማሁትም። አንቺ የቆምሽ ነው የመሰለኝ። አጃቢውን አንዳኝም ብለን ነበር፤ ለካ አብረን ስንዳኘው ኖሯል።»

እንግዲያው ይህንን ለሌሎቹ ዳኞች ይንገሩልኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ውጤቱ ተፈርሞ ተልኳል አሉ። አሁን ተሳስቼ ነበር ብል ሽማግሌው ጆሮው ደነዘዘ ይላሉ፣ እሱን አልችልም፣ አሉኝ። ከእኔ ሌላ እውነቱን ካወቁት ሁለት ሰዎች አንዱ ሠራው፣ ሌላው ሸፈነው።

ልነሣ ስል አስቀመጡኝ። እስኪ አሁን ያለ ማንም ዝፈኚልኝ አሉኝ። እዚያው የተበታተኑ ራዲዮኖች መካከል ቆሜ ዘፈንኩ። ሲያበቃ ጥቂት አሰቡ።

«ከውድድሩ ቀን በጣም ይሻላል» አሉ። «የወላጆች ቀን ትምህርት ቤታችሁ ተጋብዤ ሰምቼሽ ነበር። ያን ያህል ግን አይደለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንፋሽሽ አጭር ነው። ያኔ እሱ ነበር የሚሸፍንልሽ።»

ወደ አክስቴ ቤት ስመለስ ያለቀስኩት ለዚህ ነው። የከዳኝ ያን አንድ ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ አራት ዓመት ሙሉ የእኔ ያልሆነ ድምፅ አልብሶኝ ኖሯል። ትንፋሽሽ አጭር ነው፣ ሥሪበት ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እሠራበት ነበር። እየሸፈነልኝ አኖረኝ፤ ሲያስፈልገው ደግሞ አደባባይ ላይ ገፈፈኝ። የትኛው በደል እንደሚበልጥ ዛሬም አላውቅም። ስናደድ የመጨረሻውን እላለሁ፣ ሲበርድልኝ ደግሞ የመጀመሪያውን።

እሱ ባሕር ዳር ሄደ። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ተመረቅሁና ጉና ሥር ካለ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። መድረክ ላይ አልወጣሁም። ቤተ ክርስቲያንም መዝሙር እቀበላለሁ እንጂ አላስጀምርም። አባቴ ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሣም፤ ጉንፋን ነበር ብሎ እንዳመነ ሞተ።

ዘፋኝ ነበረች ስለሚሉኝ በየትምህርት ቤቱ ውድድር ሲኖር ዳኛ ያደርጉኛል። እኔም አንድ ነገር አስገድዳለሁ። እያንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ ያለ ክራርና ያለ ከበሮ ይዘፍናል፣ ቀጥሎ ከነአጃቢው። ባልደረቦቼ ጊዜ ትፈጂያለሽ እያሉ ያጉረመርማሉ። አንድ ዓመት ለአንዲት ልጅ ብቻዋን ስትዘፍን ከአሥር ስድስት ሰጠኋት። ጎበዝ ክራር መቺ ወንድሟ ሲያጅባት ዘጠኝ ጻፍኩላት፤ ስጽፍ በሙሉ ልቤ ለድምፅዋ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ ደነገጥኩ። እኔ እንኳ፣ ዋጋውን የከፈልኩት እኔ፣ ክራሩን ከልጅቷ መለየት አልቻልኩም። ያን ቀን ሽማግሌው ላይ የነበረኝ ቂም ጥቂት ቀነሰ። ዝም ማለታቸውን ግን አልተውኩላቸውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለተማሪዎች የደንብ ልብስ ጨርቅ ልገዛ ደብረ ታቦር ወርጄ አንድ አዲስ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ጨርቁን እየዘረጋች ትክ ብላ አየችኝ። የእብናቷ ልጅ ነበረች። ኩዌት ስምንት ዓመት ሠርታ መመለሷን፣ ሱቁን በዚያ ገንዘብ እንደከፈተች ነገረችኝ። ወንበር ሰጠችኝ።

ዘፈኑስ አልኳት። ስድስት ወር አለችኝ። ባሕር ዳር እንደደረሱ እሱን ተቀበሉት፤ ከነባሮቹ ዘፋኞች ኋላ ነው ያስቀመጡት። እሷን ሌሎች ሰዎች ያጅቧት ጀመር። ከዚያ ዳኞቹ የጻፉት ድምፅ የታለ እያሉ ይጠይቋት ያዙ። የመጨረሻው ፈተና ሲደርስ ለአንድ ቀን ብቻ አጅበኝ ብላ ለመነችው። የቡድኑ ነኝ እንጂ ያንቺ አይደለሁም ብሎ መለሳት። አሰናበቷት።

ያን ቀን በእኔ ላይ ያደረገውን ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። አታውቅም ነበር። ለእኔም እንደሷ የተጫወተ ይመስላት ነበር። አጎቷ ማሲንቆው እንደሚረዳት ብቻ ነው የነገራት። ስነግራት መለኪያ ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እንግዲያው ያን ቀን ከሁለታችን የተሻለችው ማን ነበረች?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። «ብቻችንን የሰማን የለም።»

ጨርቁን ለክታ ቆረጠችልኝ። ስትጠቀልለው ሰውየው አሁን ባሕር ዳር ቤት ሠርቶ፣ ልጆች ወልዶ በደህና እንደሚኖር፣ አልፎ አልፎም ወደዚህ ለሠርግ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ባገኘው ምን ልበልልሽ ብላ ጠየቀችኝ።

«ምንም አትበይው» አልኳት። «ስለ እኔ ከጠየቀሽ አላገኘኋትም በይው።»

ጨርቄን ተቀብዬ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። የጉናው መኪና ገና አልሞላም ነበርና ሌሎች ተሳፋሪዎች እስኪመጡ ድረስ ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅሁ።